የምክር ዓምድ፦ ሁለት ወር ከባሕር ዳርቻ፣ ለብቻ። የትኛው ከተማ ይሻላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የ52 ዓመት ሴት ነኝ። ባንክ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼ በቅርቡ በፈቃዴ ለቅቄአለሁ። ልጆቼ ራሳቸውን ችለዋል። ጥምቀትን አሳልፌ ሁለት ወር ያህል ብቻዬን ከባሕር አጠገብ ተቀምጬ ማረፍ፣ ማንበብና በእግሬ መንሸራሸር አምሮኛል። ውጭ አገር የወጣሁት ሁለት ጊዜ፣ ያውም ለሥራ ነው። ዋና አልችልም። ዐቢይ ጾምም መሃል ላይ ይገባብኛል። ኬንያ ቪዛ ስለማትጠይቀን ሞምባሳ፣ ዲያኒ፣ ማሊንዲ፣ ዋታሙ የሚሉ ስሞች ሰብስቤአለሁ። ዛንዚባር ይሻልሻል የሚሉኝም አሉ። እህቴ ደግሞ “ዱባይ ሂጂ፣ ጫካ ለጫካ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ” ትለኛለች። የትኛውን ልምረጥ? ብቻዬን መሆኔስ ችግር ያመጣብኛል?

ባሕር ናፋቂዋ፣ ከገርጂ

መልስ

ውድ እህታችን፣

በአጭሩ፦ ዲያኒ ይሂዱ፤ የመጨረሻዎቹን ዐሥር ቀናት ዋታሙ ያሳልፉ። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

ለአንድ ሳምንት የሚሄድ ሰው አሸዋና ውኃ አይቶ ቢመርጥ አያስወቅሰውም። ሁለት ወር የሚቀመጥ ሰው መመርመር ያለበት ከአሸዋው ጀርባ ያለውን ከተማ ነው። በአራተኛው ሳምንት ሽንኩርት ሲያልቅብዎት፣ ሌሊት ትኩሳት ሲነሣብዎት፣ የስልክ ካርድ ሲቆለፍብዎት ፎቶው ላይ ያዩት ሰማያዊ ውኃ አይደርስልዎትም። ለብቻዋ ለምትሄድ ሴት መለኪያው ይበልጥ ይጠብባል፦ ሹፌር ሳልጠራ፣ ሰው ሳላስቸግር ስንቱን ነገር በራሴ ልፈጽም እችላለሁ? የጠቀሷቸውን ከተሞች በዚህ ዓይን እንያቸው።

ሞምባሳ ራሷ ደሴት ላይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ሰው የሚዝናናበት ዳርቻ ከደሴቲቱ ወጣ ብሎ በሰሜን በኩል ያሉት ኒያሊና ባምቡሪ ናቸው። ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ሱፐርማርኬቶች፣ በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ ታክሲ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ስኳር ወይም የልብ ሕመም ኖሮብዎት በየጊዜው ሐኪም ማየት ቢያስፈልግዎት ኖሮ ያለማመንታት ኒያሊን እንመክርዎት ነበር። ነገር ግን የመኪናው ጭንቅንቅና ጥሩምባው ከአዲስ አበባ አይተናነስም፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሕዝቡ ዳርቻ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። እርስዎ ማረፍ ነው ያሉት።

ማሊንዲ ለኑሮ የምትመች ከተማ ናት። ገበያም፣ ሆስፒታልም፣ አየር ማረፊያም አላት። ጉድለቷ ውኃው ላይ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን ሳባኪ የሚባለው ወንዝ ከኬንያ ደጋ ጠርጎ ያመጣውን አፈር ባሕር ውስጥ ይደፋል። እርስዎ በሚሄዱበት ወቅት ነፋሱም የባሕሩ ፍሰትም ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚነዳ ያ ቡናማ ውኃ ወደ ማሊንዲ ዳርቻ ይጠጋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ደጋው ብዙ ከዘነበበት ጥር ላይ ሲደርሱ ባሕሩ የጎርፍ መልክ ይዞ ሊጠብቅዎ ይችላል።

ከማሊንዲ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው የሚያገኟት ዋታሙ ከዚህ ችግር የራቀች ናት። በባሕር ውስጥ የቆሙ ድንጋዮቿ፣ ጥርት ያለው ውኃዋና እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የተጠበቀው የባሕር ፓርኳ በውበት ዲያኒን ያስንቃሉ። ጣሊያኖች ለዐሥርተ ዓመታት ስለከተሙባትም ከገርጂ የሄደ ሰው ማኪያቶ አይናፍቀውም። ይሁን እንጂ ትንሽ ናት፤ ጠንከር ያለ ሕመም ቢገጥም ጉዞው ወደ ማሊንዲ ወይም ወደ ሞምባሳ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ደግሞ የአውሮፓ እንግዳ የሚበዛባት፣ ቤቱ የሚወደድባት ጊዜ ነው። ለዐሥር ቀን ግሩም ናት፣ ለሁለት ወር ግን ትጠብባለች።

ላሙ የሚልዎት ካለ ለዚህ ጉዞ ይተዉት። ከተማዋ መኪና የማይገባባት፣ ጥንታዊና ውብ ናት፤ አውራጃዋ ግን ከሶማሊያ ድንበር ጋር ስለሚዋሰን የጸጥታው ነገር አንድ ጊዜ ሲሻሻል አንድ ጊዜ ሲደፈርስ ኖሯል።

ዛንዚባርን የመከሩዎት ሰዎች ስለ ባሕሩ ውበት አልተሳሳቱም። ሆኖም የታንዛኒያን ቪዛ ከመነሣትዎ በፊት ማውጣት አለብዎት። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮም ማንኛውም የውጭ እንግዳ ሲገባ ደሴቲቱ የምትሸጠውን የ44 ዶላር መድን እንዲገዛ ይገደዳል። በምሥራቅ በኩል ያሉት ፓጄና ጃምቢያኒ ባሕሩ ሲሸሽ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ባዶ ይሆናሉ፤ በሰሜን ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ውኃቸው ብዙም አይርቅም፣ በምትኩ ሌሊቱን ሙዚቃ አያጡም። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የሚውለው የካቲት ገደማ ስለሆነ ቀን ቀን ከሆቴል ውጭ ምግብ ማግኘት ያስቸግራል። የዛንዚባርን ጥንታዊ ከተማ ስቶን ታውንን ለመጎብኘት ለሌላ ጊዜ አምስት ቀን ይመድቡላት።

ዱባይን በተመለከተ እህትዎ የሚያስቡት ለደኅንነትዎ ነው፤ በዚያ በኩል ልክ ናቸው። ግን የካቲት ላይ የዱባይ ባሕር 22 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ላልለመደ ሰው ይቀዘቅዛል። ዲያኒ በዚያው ወር 28 ዲግሪ ይሆናል። ሁለት ወር የሚቆዩበት ወጪም ሲደመር አይወዳደርም።

አሁን ወደ ዲያኒ። ከሞምባሳ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለ ረጅም ነጭ አሸዋ ነው። ከባሕሩ ጋር ጎን ለጎን አንድ አስፋልት ይሄዳል፤ ሱቁ፣ ባንኩ፣ ፋርማሲው፣ ክሊኒኩና ሆስፒታሉ በዚያ መንገድ ላይ ተሰልፈዋል። ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ኡኩንዳ የሚባል የአገሬው ከተማ አለ፤ የገበያው ዋጋ ከባሕር ዳሩ ሱቅ በግልጽ ይቀንሳል። ሁለቱን የሚያገናኘው ማታቱ የሚሉት ሚኒባስና ቱክቱክ የሚሉት የእኛው ባጃጅ ነው። ሹፌር ሳይቀጥሩ መኖር የሚቻልበት ምክንያት ይህ ነው።

የቤቱን ቦታ ሲመርጡ ከኡኩንዳ የሚመጣው መንገድ ከባሕሩ አስፋልት ጋር ከሚገናኝበት ጀምሮ ወደ ደቡብ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይሁን። ከዚያ ወዲያ ያለው ጋሉ ጸጥ ያለና ያማረ ነው፣ ግን ከመሸ ቱክቱክ ይጠፋል። በሰሜን ያለው ቲዊ ደግሞ ለብቻ ሰው ጭር ይላል። ቲዊንና ዲያኒን የሚለየውን የኮንጎ ወንዝ አፍ በእግር ለብቻዎ አይሻገሩ፤ አጠገቡ ያለውን ጥንታዊ መስጊድ ለማየት ከፈለጉ ከሰው ጋር ይሂዱ።

“ባሕሩ በር ላይ ነው” የሚል ማስታወቂያ አያማልልዎት። ከአስፋልቱ ማዶ ያለ ቤት ከባሕሩ በእግር ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ቢርቅ ነው፣ ኪራዩ ግን በእጅጉ ይወርዳል። መጠየቅ ያለብዎት ዋና ነገር የመተላለፊያው ጉዳይ ነው። ሆቴሎችና ግለሰቦች ዳርቻውን አጥረው ስለያዙት ወደ አሸዋው የሚያስገባ የሕዝብ መንገድ በየቦታው የለም። ካርታ ላይ 200 ሜትር የሚመስለው ቤት ዞረው ሲሄዱ 20 ደቂቃ ሊወስድብዎ ይችላል።

ለብቻ የቆመ ቪላ አይከራዩ። ከስድስት እስከ ሃያ ቤት ያለበት፣ አስካሪ የሚሉት ዘበኛ ቀንና ሌሊት የሚጠብቀው፣ አስተዳዳሪው እዚያው ግቢ የሚኖርበት ቦታ ይሻላል። ቤቱን ሳያዩ ሙሉ ኪራይ አይላኩ፤ የሰው ቤት ፎቶ ለጥፎ ቀብድ ተቀብሎ የሚጠፋ ሰው ሞልቷል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ወይም ስድስት ሌሊቶች እንግዳ ማረፊያ ይያዙና እየዞሩ ሦስት አራት ቤት ይዩ፤ ከዚያ ለአንድ ወር ይከራዩ፣ ለቀሩት የዲያኒ ቀናት ወሩ ሲያልቅ ይክፈሉ። ለአንድ መኝታ ቤት በወር ከ50 እስከ 80 ሺህ የኬንያ ሽልንግ ይዘው በጀትዎን ቢነድፉ መነሻ ይሆንዎታል። ከዚያ በጣም የወረደ ዋጋ ሲነግሩዎት የጎደለውን ነገር ይፈልጉ፦ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ዘበኛው ወይም ውኃው ነው።

ከመከራየትዎ በፊት የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው። ኤሌክትሪኩ በኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ቶከን እየገዙ የሚሞሉት? አየር ማቀዝቀዣ ሌሊቱን ሙሉ ካሠሩ ቶከኑ እንደ ጉድ ያልቃል፤ ጣራ ላይ የሚሽከረከር ማራገቢያና ሙሉ አጎበር ያለው ቤት ለሁለት ወር ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ወይም ኢንቨርተር አለ? የቧንቧው ውኃ ከጉድጓድ ስለሚመጣ ብዙ ቦታ ጨው ጨው ይላል፤ የሚጠጣውን በ20 ሊትር ጀሪካን የሚያመጣ ሰው አለ? መስኮቱ የወባ ትንኝ ወንፊት አለው? ይኸኛው ለትንኝ ብቻ አይደለም። በዲያኒ ዛፎች ላይ የእኛ ጉሬዛ ዘመድ ይኖራል፤ እሱ ቅጠል በል ስለሆነ ለማንም አያስቸግርም። ጦጣና ዝንጀሮ ግን ክፍት መስኮት ካገኙ ሙዙንም ዳቦውንም ጠራርገው ይሄዳሉ። ምግብ ይዘው በረንዳ ላይ አይቀመጡ፤ ከእጅዎ ለመንጠቅ አይመለሱም።

ባሕሩን ለማያውቅ ሰው ትልቁ እንግዳ ነገር የውኃው መሙላትና መሸሽ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን ልዩነቱ ከሦስት ሜትር ያልፋል። በነዚያ ቀናት ውኃው ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ (እንደ እኛ አቆጣጠር) ሸሽቶ ከባሕር ፍጥረታት አጽም የተገነባው የኮራል ድንጋይ ይገለጣል፤ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ ደግሞ እስከ ሆቴሎቹ ግንብ ይሞላል። ጨረቃዋ ግማሽ ስትሆን ነገሩ ይገለበጣል፣ ልዩነቱም ያንሳል። የሞምባሳው ኪሊንዲኒ ወደብ የውኃ ሰዓት ሠንጠረዥ በኢንተርኔት ይገኛል፤ የወሩን ገልብጠው ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ይህ ነው። በእግር የሚንሸራሸሩት ውኃው በሸሸ ጊዜ ነው፤ አሸዋው ጠንካራና ሰፊ ይሆናል። መመለሻዎን ግን ውኃው መሙላት ሳይጀምር ያስቡበት፤ ዘግይተው ከቀሩ በግንብና በሞገድ መሃል ተይዘው በሰው ግቢ በኩል ለመውጣት ይለማመጣሉ። ውኃ ውስጥ የሚገቡት ደግሞ እየሞላ ባለበት አጋማሽ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የኮራሉ አጥር ትልቁን ሞገድ ስለሚያስቆመው ከአጥሩ ወዲህ ያለው ውኃ እንደ ኩሬ የረጋ ነው፤ ፍሰቱም ወደ የብስ ይገፋል። እየሸሸ ባለበት ሰዓት ግን ውኃው በአጥሩ ክፍተቶች በኩል ወደ ጥልቁ ይወጣል፤ ዋና የሚችሉትም ቢሆኑ ወደዚያ አይጠጉም። እርስዎ ከወገብ በላይ አይግቡ፣ ሰው በሌለበትም አይግቡ። ሁለት ወር ካልዎት ደግሞ ዋና የሚማሩበት የሕይወትዎ ምርጥ ጊዜ ይህ ነው። ብዙ ሆቴሎች ለቀን እንግዳ መዋኛ ገንዳቸውን በክፍያ ይፈቅዳሉ፤ አስተማሪም በእነሱ በኩል ይገኛል። ጀልባ ላይ ሲወጡ የሕይወት ጃኬቱን ለብሰው እንጂ ይዘው አይሳፈሩ።

ባዶ እግርዎን ውኃ ውስጥ አይራመዱ። ኮራሉ መሃል እንደ ጃርት እሾሃም የሆነ ጥቁር ፍጥረት አለ፤ ድንጋይ የሚመስል መርዛም ዓሣም አለ። ሶሉ ወፍራም የሆነ የውኃ ጫማ ከዚህ ይዘው ይሂዱ። ቢወጋዎ እግርዎን ቆዳ በማያቃጥል ግን በደንብ በሞቀ ውኃ (45 ዲግሪ ገደማ) ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ነክረው ይቆዩ፤ ሙቀቱ መርዙን ያደክመዋል። ከዚያ ክሊኒክ።

ሙቀቱን አይናቁት። ቀን 31 እና 32 ዲግሪ፣ ሌሊትም ብዙ የማይበርድ እርጥብ ሙቀት ነው። የደጋ ሰው የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ቀናት ያብጣል፣ ይደክመዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በነዚያ ቀናት ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ውስጥ ይዋሉ፤ ውኃውም ጨው በዛ ካለ ምግብ ጋር ይሁን። መጋቢት ከሁሉም ይሞቃል። ሚያዝያ ሲገባ ከባዱ ዝናብ ይጀምራል፣ ብዙ ቤቶችም ይዘጋሉ፤ ስለዚህ ጥር አጋማሽ ላይ መሄድና መጋቢት አጋማሽ ላይ መመለስ ያሰቡት ልክ ነው።

ስለ ወረቀቱ። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛም፣ ኬንያ ከ2024 ጀምሮ በቪዛ ፋንታ ያመጣችው የኤሌክትሮኒክ ፈቃድም አያስፈልገውም፤ እናውጣልዎት ብሎ የሚያስከፍል ድረ ገጽ ካለ ይለፉት። የአዲስ አበባና የሞምባሳ ቀጥታ በረራ ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላም። ሆኖም ብቻዋን የምትጓዝ ኢትዮጵያዊት ቦሌም ሞምባሳም ላይ ጥያቄ ሊበዛባት ይችላል። ኬንያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚደረገው ሕገ ወጥ ጉዞ መተላለፊያ ስለሆነች የኢሚግሬሽን ሠራተኛው የሚፈልገው ተመላሽ መሆንዎን ነው። የመመለሻ ትኬት፣ የመጀመሪያ ማረፊያዎን ማረጋገጫ፣ የሦስት ወር የባንክ መግለጫና ከሥራ የተሰናበቱበትን ደብዳቤ በወረቀት አትመው ይያዙ፤ ስልክ ላይ ያለ ሰነድ ባትሪ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። “ለስንት ጊዜ?” ሲሉዎት “ጥቂት ወራት” አይበሉ፤ የመመለሻ ቀንዎን ይንገሯቸው።

ከመስኮቱ ከመራቅዎ በፊት ማኅተሙን ያንብቡ። የሚፈቀድልዎትን ቀን የሚጽፈው ሠራተኛው ነው። ስድሳ ቀን ከጻፈልዎት በስድሳኛው ቀን መውጣት ሳይሆን ከዚያ ቀድሞ መውጣት ነው የሚያዋጣው፤ በረራ ይሰረዛል፣ ሰው ይታመማል። ትኬትዎን ለ55 ቀን ይቁረጡ። ማኅተሙ ያረፈበትን ገጽ ቅጂ ሁልጊዜ ይዘው ይንቀሳቀሱ። ኬንያ ውስጥ የእኛ መልክ ያለው ሰው በመንገድ ላይ መታወቂያ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ ቅጂውን በእርጋታ ማሳየት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ግዴታ ነው። ካርዱ የሚሠራው ከተወጉ ከዐሥር ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት። አንዴ ከተወጉ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ወባው ሌላ ነው፤ ክትባቱ አያድነውም። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ደሙ ወባን አያውቅምና መከላከያ መውሰድ አለብዎት። ሦስት አማራጭ አለ። አቶቫኮን ፕሮጓኒል በየቀኑ ሆኖ ከመሄድ ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ ሰባት ቀን ይቀጥላል፤ ለ55 ቀን ቆይታ 64 ፍሬ ይሆናል፣ ለሆድ ይስማማል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ዶክሲሳይክሊን ርካሽ ነው፤ ከተመለሱ በኋላ አራት ሳምንት ስለሚወሰድ 85 ፍሬ ያስፈልጋል። ጉዳቱ ቆዳን ለፀሐይ ማጋለጡ ነው፤ የምድር ወገብ አጠገብ ደግሞ ጠይም ቆዳም ይቃጠላል። በባዶ ሆድ ወይም ሊተኙ ሲሉ ከዋጡትም ጉሮሮ ያቆስላል። በሳምንት አንዴ የሚወሰደው ሜፍሎኩዊን ቅዠትና ጭንቀት የሚያመጣባቸው ሰዎች አሉ፤ ለብቻ በሚኖሩበት ቤት ይህን መድፈር አንመክርም። የሚስማማዎትን ሐኪምዎ ይወስን። ከሳምንት በኋላ በማንኛውም ቀን፣ ወይም ከተመለሱ በሦስት ወር ውስጥ ትኩሳት ከተሰማዎት “ጉንፋን ነው” ሳይሉ በዚያው ቀን ደምዎን ያስመርምሩ።

የጉዞ ሕክምና መድን ሲገዙ በአውሮፕላን ወደ ናይሮቢ ማመላለስን የሚጨምር መሆኑን ያረጋግጡ። አምሬፍ ፍላይንግ ዶክተርስ ለእንግዶች ለዚሁ የሚሆን የአጭር ጊዜ ሽፋን ይሸጣል።

ገንዘቡን አንቱን ማስተማር አይገባንም፤ አንድ ሁለት ነገር ብቻ። ብር ሞምባሳ ላይ የሚመነዝር የለም። ከ2006 (እ.ኤ.አ.) በፊት የታተመ ወይም የተቀደደ ዶላር አይቀበሉዎትም። ዓለም አቀፍ ካርድ ከያዙ ከሁለት የተለያየ ባንክ ይሁን፤ አንዱ ማሽን ውስጥ ቢቀር ሌላው ያድናል። በየቀኑ የሚከፍሉት ግን በኤምፔሳ ነው፤ ባጃጁም ጎመን ሻጯም በእሱ ይቀበላሉ። እዚህ የተመዘገቡበት የኢትዮጵያ ኤምፔሳ እዚያ አያገለግልዎትም፤ ሳፋሪኮም ሱቅ ገብተው በፓስፖርት የኬንያ ሲም ካርድ ያውጡ። ከመላክዎ በፊት የሚወጣውን የተቀባይ ስም ያንብቡ። ተሳስተው ከላኩ የደረሰዎትን የማረጋገጫ መልእክት ወዲያውኑ ወደ 456 ያስተላልፉት። “በስህተት ገንዘብ ልኬልሻለሁ፣ መልሺልኝ” የሚል ከመጣ ቀሪ ሒሳብዎን ይዩ እንጂ መልእክቱን አይመኑ።

ብቻዬን መሆኔ ችግር ያመጣል ወይ ላሉት፦ የሚያስፈራ ችግር አያመጣም፣ የሚያሰለች ግን ያመጣል። በዳርቻው ላይ ቢች ቦይ የሚባሉ ወጣቶች አሉ፤ ጀልባ፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ጉብኝት፣ ወዳጅነት፣ ሁሉንም ይሸጣሉ። በዕድሜ ከገፉ የአውሮፓ ሴቶች ጋር የሚመሠረት የፍቅር ንግድ ለዲያኒ አዲስ አይደለም፤ ብቻዋን የምትሄድ ሴት ሲያዩ ያንኑ ይሞክራሉ። አንድ ጊዜ “ሐፓና አሳንቴ” (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብለው እርምጃዎን ሳያቆሙ ይለፉ። ስምዎን፣ ያረፉበትን ቤት፣ የሚቆዩበትን ጊዜ አይንገሩ። ለማስታገስ ብለው “ነገ” ካሉ ቀጠሮ ሰጡ ማለት ነው፤ ነገ በር ላይ ያገኟቸዋል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ስላወቁዎት ራሳቸው ይተዋሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው ሲያገኙ “ሺካሞ” ብለው ሰላምታ ቢሰጡ በሰፈሩ ክብር ያገኛሉ፤ ዘበኛውና ሱቅ ነጋዴዋ ያወቁት እንግዳ ደግሞ ጠባቂው ብዙ ነው።

ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከቀኑ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፤ ጨለማው ወዲያው ነው። ከዚያ በኋላ አሸዋው ላይ አይሂዱ፣ አስፋልቱንም በእግር አይሂዱ፤ የሚያምኑትን የቱክቱክ ሹፌር ስልክ ይያዙ። የዋና ልብስ ለአሸዋው ነው። ኡኩንዳ ገበያ ሲሄዱ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ይልበሱ፤ አካባቢው የእስልምና እምነት የጸናበት ነው። ሌሶ የሚሉት ቀጭን ጨርቅ ነጠላን ይተካል።

ጾሙ ከሚያስቡት በላይ ይቀላል። የዳርቻው ሰው ወጡን በኮኮናት ወተት ስለሚሠራ ቅቤ አይገባበትም። በኮኮናት የተሠራ ቦሎቄ፣ ምባዚ የሚሉት የእርግብ አተር፣ ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን፣ ቻፓቲ በየቤቱ አለ። ማሐምሪ የሚሉት ጣፋጭ ፓስቲ አንዳንዱ ጋር ወተት ወይም እንቁላል ስለሚገባበት “ቢላ ማዚዋ፣ ቢላ ማያይ” ብለው ያረጋግጡ። ሽሮና በርበሬ ከዚህ ሲይዙ በፋብሪካ የታሸገና ጽሑፍ ያለው ይሁን፤ ጥሬ እህልና ዘር አይያዙ። ፌስታል ኬንያ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ የተከለከለ ስለሆነ ሻንጣዎን ከመዝጋትዎ በፊት ፌስታል ሁሉ ያውጡ። ድርቆሽ ከያዙ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ያኑሩት፤ እርጥበቱ በሦስት ቀን ያሻግተዋል። የግድግዳው ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ የእንግሊዝ ዓይነት ነው፤ ማቀያየሪያ ሁለት ይግዙ።

ሲደርሱ ከአየር ማረፊያው ወደ ዲያኒ የሚወስድዎትን መኪና በማረፊያዎ በኩል ያስጠብቁና በዶንጎ ኩንዱ መንገድ እንዲሄድ ይንገሩት። በዚህ በኩል አንድ ሰዓት ያህል ነው። በከተማው በኩል ከሄደ ከሞምባሳ ደሴት ወደ ደቡብ የሚያሻግረውን የሊኮኒን ጀልባ መጠበቅ አለብዎት፤ ወረፋው በሻንጣና በሙቀት አይቻልም።

የዋታሙን ማረፊያ አሁኑኑ ይያዙ፣ የዲያኒው ግን ሊቆይ ይችላል። ከዲያኒ ወደ ዋታሙ በኪራይ መኪና ግማሽ ቀን ይውሰዱ። በማታቱ ከሆነ ሞምባሳ ላይ ወደ ማሊንዲ የሚሄደውን ይዘው ጌዴ ላይ ይወርዱና በቱክቱክ ይገባሉ፤ ጌዴ ላይ ያለውን የፈረሰ ጥንታዊ የስዋሂሊ ከተማ ግን ሻንጣ ሳይዙ ሌላ ቀን ይመለሱበት። የመመለሻ በረራዎ ከሞምባሳ ስለሆነ ከዋታሙ ቢያንስ በረራው ስድስት ሰዓት ሲቀረው ይነሡ። ርቀቱ ከ120 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ምትዋፓ ላይ ያለው የመኪና ጭንቅንቅ ግን ብቻውን አንድ ሰዓት ይበላል።